ቀጭን ጥይት፣ ወፍራም ጥይት

ስለ ጥይት ከሚከራከሩ ሰዎች አጠገብ መቀመጥ አልወድም። ሠርግም ሆነ ለቅሶ፣ አንዱ «የኔ ጠመንጃ ከዚህ እስከ ወንዙ ማዶ» ብሎ ሲጀምር ቀስ ብዬ ቦታ እቀይራለሁ። ኩራተኛ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። እኔ ለዕድሜ ልኬ የሚበቃኝን የጥይት ክርክር በአንድ መኸር ሰምቼ ጨርሻለሁ። ያን ሁሉ ክርክር ስሰማ ደግሞ ማሽላዬ እየተበላ ነበር።

ጊዜው ጣልያን መተማ ላይ ተቀምጦ የነበረበት ነው። እኔ ከደጋ ወርጄ ሽንፋ አካባቢ ሚስት አገባሁና ከአማቼ፣ ከሚስቴ አባት፣ ማሳ አጠገብ ጫካ መንጥሬ የመጀመሪያዬን ማሽላ ዘራሁ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከደጋ ስወርድ ታላቅ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ «እስከ ገና ትመለሳለህ፤ ከበጎቹ አጠገብ መኝታ አዘጋጅልሃለሁ» ብሎኝ ነበር። ሊሰድበኝ ፈልጎ አይደለም፤ አዝኖልኝ ነው፤ የባሰው እሱ ነው። ማሽላው ካፈራ የራሴ ቤት ይኖረኛል። ካላፈራ እርጉዝ ሚስቴን ይዤ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ ከወንድሜ በጎች ጎን እተኛለሁ። ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ማሽላው አማረ። የቆላ መሬት ካመነህ አይሰስትም። ነገር ግን እሸት ሲይዝ ዝንጀሮ መጣ።

ከማሳው በታች ደረቅ ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ትልቅ ጥቁር ቋጥኝ። መንጋው ጠዋት ጠዋት እዚያ ላይ ይሰበሰባል። መሪያቸው አንድ ግዙፍ ገመሬ ነው፤ ቋጥኙ ጫፍ ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። እኔ ወንጭፍ ይዤ ማማ ላይ እቆማለሁ። ወንጭፌ የሚደርስበትን ቦታ ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ከማማው እስከ ቋጥኙ አራት መቶ እርምጃ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ምሳ ልበላ ስወርድ መንጋውን ይዞ ይገባል። ጠግበው ቢበሉ እንኳ ባልከፋኝ፤ ግማሹን ነክሰው ግማሹን ይጥሉታል። ቆሽቴን የሚያሳርረኝ ይኸ ነበር።

ጠመንጃ የለኝም። አማቼ ግን ውጅግራ ነበራቸው። ውጅግራ የድሮ ጠመንጃ ነው፤ አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና መጉረስ አለበት፣ ጥይቱ የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል፣ ሲተኮስ ጭሱ ተኳሹን ከነጠመንጃው ይሸፍነዋል። አማቼ ረጅም ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ደግሞ ከቁመታቸው ይረዝማል። ዝናራቸው ከዳር እስከ ዳር በጥይት ሞልቶ ወገባቸው ላይ እንዳለ ነው፤ ለሽንት ሲወጡም አይፈቱት። ጣልያን እኛ ዘንድ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ጠመንጃቸውን እንደ ነጠላቸው ይዘው ይወጡ ነበር።

ከአማቼ ማሳ ወዲያ ሌላ ሽማግሌ ጎረቤት አሉን። ምንሽር አላቸው፤ ራሱ ጣልያን የሚታጠቀው ዓይነት፣ ጥይቱ ቀጭንና ረዘም ያለ። ከየት እንዳመጡት በተጠየቁ ቁጥር ሌላ ታሪክ ይናገራሉ፤ አንድ ጊዜ ማርከውት ነው፣ አንድ ጊዜ ተሸልመውት ነው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መንገድ ላይ ወድቆ አገኙት። እኛ ባለምንሽሩ ነበር የምንላቸው። አጭር፣ ቁጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ከአማቼ ጋር በየቀኑ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙት ለመጣላት ነው።

ወደ ሁለቱም ሄጄ «ያን ገመሬ ጣሉልኝ» ብዬ ለመንኩ። ጉዴ የጀመረው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ማማዬ ሥር ተቀመጡ። ቋጥኙን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት።

«ይኸ ርቀት ለቀጭን ጥይት ነው» አሉ ባለምንሽሩ። «የኔዋ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። የአንቱ ውጅግራ እኮ መሬት መሬት የሚል ነገር ነው፤ ገመሬውን ለመምታት ሰማዩን ማነጣጠር አለብዎ።»

«ሰማዩን አነጣጥራለሁ» አሉ አማቼ፤ «ሲወርድበት ግን አይነሣም። የአንቱ ቀጭን ጥይት ገብታ ትወጣለች እንጂ ምን ታደርገዋለች? መመታቱን እንኳ ሳያውቅ ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል።»

«የአንቱ ጥይት እስኪደርስ ገመሬው ልጆቹን ድሮ ይጨርሳል!»

«ቀትር ላይ ከሱዳን በኩል ያ ትኩስ ነፋስ ሲነሣ የአንቱን ጥይት ወዴት እንደሚወስዳት ያውቃሉ? ደጋ ነው የሚያደርሳት!»

በዚህ ዓይነት ሦስት ቀን ሄደ። የጥይቱ ክብደት፣ የጥይቱ አፍንጫ፣ የባሩዱ ጭስ፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ ገመሬው ሲቀመጥ ደረቱን ይሰጣል ወይስ ጎኑን። ሚስቴ ምሳ ታመጣላቸዋለች፤ በልተው ይመርቁኛል፤ «አላህም ማርያምም ይጠብቁልህ» እስከ ማለት ይደርሳሉ። መንጋው በላይኛው በኩል ገብቶ ይበላል።

በአራተኛው ቀን ከሱዳን ጨውና ስኳር በግመል የሚያመጣ አንድ ጃላቢ፣ ነጋዴ ማለት ነው፣ መንገዱ በእኛ በኩል ሆነ። ሚዛን ነበረው። ሽማግሌዎቹ ሚዛኑን ሲያዩ እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። አማቼ ከከረጢታቸው አንድ ወፍራም እርሳስ አወጡ፤ ባለምንሽሩም አንዲት ቀጭን ጥይት ያለ ቀለሃዋ፣ ራሷን ብቻ፣ ከመሀረብ ፈቱ። ጃላቢው ደግሞ «ይኸ የእንግሊዝ ነው፤ ከሁለታችሁም ይበልጣል» ብሎ አንድ ሹል ጥይት ጨመረ። አሁን ተከራካሪዎቹ ሦስት ሆኑ።

ተመዘነ። ወፍራሙ ከበደ። «ከበደ ማለት ሰነፍ ነው ማለት ነው» አሉ ባለምንሽሩ። ስለዚህ ሌላ ፈተና ተፈለገ። ወንዙ ውስጥ ያልደረቀ ጭቃ ያለበት ጉድጓድ ነበር፤ ከዳር አንድ ዛፍ ቆሟል። ሦስቱንም ከዛፉ ጫፍ ጭቃው ላይ ጥሎ የትኛው ጠልቆ እንደሚገባ ማየት ሆነ። ዛፍ የሚወጣ ሰው ተፈለገ፤ ሁሉም እኔን አዩኝ። ማሽላዬ እየተበላ እኔ ዛፍ ላይ ሆኜ በእጄ ጥይት እጥላለሁ! ወፍራሙ እስከ አንድ ጣት ገባ። ቀጭኑ ከዚያ ትንሽ አነሰ። የእንግሊዙ ሹል ግን ጭቃው ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ እስከ ክርናችን ፈልገን አላገኘነውም። ጃላቢው «ያ ዞል! አንተ ሰውዬ! ጥይቴን!» እያለ ቀሚሱን ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ ገባ። እሱ ነው ያሸነፈው ቢባልም አላጽናናውም፤ ግመሉን እየነዳ እያጉረመረመ ሄደ።

ሚስቴ ከላይ ሆና ስታየን ቆይታ ኖሯል። «እናንተ ጭቃውን ወጋችሁት» አለች። «ገመሬው ግን ደኅና ነው፤ አሁን በዓይኔ አየሁት።»

አማቼ ልጃቸው ፊት እፍረት ያዛቸውና «ነገ ይተኮሳል!» አሉ። ባለምንሽሩም «ነገ!» አሉ።

በማግስቱ ማለዳ መጡ። ነጠላቸውን አጥበዋል። ገመሬው ቋጥኙ ላይ ነው። ሁለቱም ተቀመጡ፣ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፣ ከዚያ ተያዩ።

«አንቱ ይቅደሙ» አሉ አማቼ።

«ኧረ ምን ሲደረግ! ማሳው የአማችዎ ነው፤ አንቱ ይቅደሙ።»

«እንግዳ እያለ ባለቤት አይተኩስም።»

«ታላቅ እያለ ታናሽ አይተኩስም።»

ማን ታላቅ እንደሆነ ደግሞ በራሱ ክርክር ነበር። በመጨረሻ አማቼ ተሸነፉ መሰለ፤ ተነሡ። ተነሡና ነጠላቸውን ወደ ወገባቸው አውርደው ፉከራ ጀመሩ። እኛ አገር ሰው ጠመንጃ ይዞ ለመተኮስ ሲነሣ ዝም ብሎ አይተኩስም፤ እንደ ሌብነት ይቆጠርበታል። «ዘራፍ! ዘራፍ ያባቱ ልጅ! የቆላ ንዳድ ያልጣለው!» አማቼ ከቅድመ አያታቸው ነው የጀመሩት። አያታቸው ጋ ሳይደርሱ መንጋው ጆሮውን አቀና፤ አባታቸው ጋ ሲደርሱ ገመሬው ከቋጥኙ ወረደ፤ ወደ ራሳቸው ሲመጡ ማዶ ላይ አንዲት ጭራ እንኳ አልነበረችም።

«አያችሁ?» አሉ አማቼ እየተነፈሱ፤ «ውጅግራን ገና ሲያዩት!»

በሚቀጥለው ቀን ተራው የባለምንሽሩ ሆነ። እሳቸውም ፎከሩ። እሳቸው ዘር አይቆጥሩም፤ የተዋጉበትን ቦታ ሁሉ ይቆጥራሉ፤ የባሰ ረዘመ። መንጋው ሄደ። በሦስተኛው ቀን እንደገና አማቼ። እንዲህ እያለ ሳምንት ሞላ፤ አንድ ጥይት አልተተኮሰም።

መጀመሪያ የነቃችው ሚስቴ ናት። አንድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ዘነዘናዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ከነእርግዝናዋ ማማው ሥር ቆማ፣ «ዘራፍ!» አለች። የአባቷን ፉከራ ከነሳሉ ታውቀዋለች። የቅድመ አያቷን ጀግንነት ዘነዘና እያወዛወዘች ስትናገር መንጋው ብድግ ብሎ ሄደ። እኔ ሳቅ ገድሎኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «አንተ ሰው፣ ጥይት አይደለም የሚፈሩት» አለችኝ፤ «ወሬ ነው!» ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን እየተፈራረቅን ፎከርን። በሕይወቴ አንድም ሰው አልገደልኩም፤ ለዝንጀሮ ግን ብዙ ገድያለሁ ብያለሁ።

ዝንጀሮ ግን ሞኝ አይደለም። ከአምስት ቀን በኋላ ገመሬው አልሄደም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ዳኛ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ስጨርስ ተነሣ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ እኔ እያየሁት፣ እኔ እየጮኽኩ፣ መንጋውን ይዞ ማሳው ውስጥ ገባ። ያን ቀን የማሳውን አንድ ሦስተኛ አጣሁ። አለቀስኩ፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም። ሚስቴ የወደቀውን እሸት በቀሚሷ ለቀመች።

ምሳ ሰዓት አማቼ ቤት ሄድኩ። ዛፍ ጥላ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«አባቴ» አልኳቸው፤ «ክርክሩ ይቅር። ውጅግራውን ያውሱኝና እኔው ልተኩስ።»

ቀስ ብለው ዝናራቸውን ፈቱ። ሲፈቱት ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንዷን ጥይት አውጥተው እጄ ላይ አደረጓት። ቀለለችኝ። ባዶ ቀለሃ ነበረች፤ አፏ ላይ እርሳስ ተደፍኖባት፣ በሰም ተጣብቃ። ሌላዋንም አየሁ። ሁሉም እንደዚያው ናቸው።

«የሚተኮሱትን ለሚስትህ ወንድም ሰጥቼዋለሁ» አሉ፤ ልጃቸው ከአርበኞቹ ጋር ጫካ ነበር። «አንድ ሳላስቀር ሰጠሁት። ዝናሬ ባዶ ሆኖ ሰው ካየው ግን ቤቴ ባዶ ነው ማለት ነው። ለዚያ ለቀጭን ጥይት ሰውዬ እንዳትነግርብኝ፤ መሳቂያ ያደርገኛል።»

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ባለምንሽሩ ሄድኩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከአማቼ ሚስጥር በቀር ያለውን ሁሉ። ማሽላው ካለቀ ሚስቴን ይዤ ወደ ደጋ እንደምመለስ፣ ወንድሜ ያለኝን፣ ሁሉንም። በቁጣ ሰሙኝ። ከዚያ ገብተው ያችን መሀረብ ይዘው ወጡ። ውስጡ ከነቀለሃዋ፣ ከነባሩዷ፣ አንዲት የምንሽር ጥይት አለች። አንዲት ብቻ።

«ያለችኝ ይህች ናት» አሉ። «ጣልያን አንድ ቀን ጠመንጃዬን ሊወስድ ደጄ ላይ ይመጣል። ለዚያ ቀን ነው ያስቀመጥኳት። ለአማችህ እንዳትነግር፤ እሱ ያን ሁሉ ጥይት ታጥቆ እኔ አንዲት ይዤ ስከራከረው ኖርኩ መባል አልፈልግም።»

ሳልስቅ መውጣቴ ይገርመኛል። ሳቁ ግን ከበሩ ሳልርቅ ጠፋብኝ፤ ያቺን ጥይት መጠየቅ እንደማልችል ገባኝ። ያን ከሰዓት ሚስቴና እኔ ወደ ደጋ የምንይዘውንና የምንተወውን ስንለይ ዋልን።

በማግስቱ ማለዳ ማማው ሥር አንድ ሰው ደረቱን መሬት ላይ አድርጎ ተኝቶ አገኘሁ። ባለምንሽሩ ናቸው። ነጠላቸውን አላወረዱም፤ አልፎከሩም፤ ሰላምታም አልሰጡኝ። እኔ «ተዉት!» ልል አፌን ስከፍት ተኮሱ።

ገመሬው ከቋጥኙ ወደ ኋላ ወደቀ፣ ወይም ዘለለ። መንጋው እየጮኸ ዳገቱን ወጣ። ከዚያ በኋላ እኛ ማሳ አልተመለሱም፤ ገመሬውንም ያየው የለም።

«ምነው ይህን አደረጉ?» አልኳቸው።

እየተነሡ አቧራቸውን አራገፉ። «አንተ ከሄድክ ልጅቱ ትሄዳለች። ልጅቱ ከሄደች አባትየው የልጅ ልጁን ሊያይ ተከትሎ ይሄዳል። እኔ ከማን ጋር ልከራከር?» አሉና ሄዱ።

አማቼ ተኩሱን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ቋጥኙ ድረስ ሄደው ደም ፈለጉ። «አልተመታም!» ብለው ጮኹ በደስታ። «ደንግጦ ነው!» ባለምንሽሩ ከማሳቸው ሆነው «ተመትቷል! ገብታ ወጥታ ነው!» ብለው መለሱ። ይህ ክርክር ሳይቋጭ ሁለቱም ሞተዋል።

ማሽላዬን አጨድኩ። ከሁለት ሦስተኛው የተረፈው ለዓመት በቃን። ሚስቴ ሴት ልጅ ወለደች፤ በጎቹም ያለኔ አደሩ።

አዝመራው ካለቀ በኋላ ጠመንጃ ለቃሚዎች ከመተማ መጡ፤ አንድ የጣልያን አለቃና ጥቂት ባንዶች። መጀመሪያ አማቼ ቤት ገቡ። አማቼ ውጅግራቸውን ከነዝናሩ አስረከቡ። አለቃው ያን ሁሉ ጥይት ሲያይ ደስ ብሎት ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው። አማቼ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ ዝናሩን ባሰቡ ቁጥር ይስቁ ነበር። «አንዱ ባንዳ በዚያ ዝናር ተማምኖ ጦርነት ሲገባ ይታየኛል» እያሉ እንባቸው እስኪወርድ።

ወደ ባለምንሽሩ ቤት ሲሄዱ እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ማሽላቸውን እየወቃሁላቸው። አለቃው በሩ ላይ ቆመ። ባለምንሽሩ ወደ ውስጥ ገቡ፤ ቆዩ። ባንዶቹ መሣሪያቸውን አቀባበሉ። ከዚያ ሽማግሌው ምንሽሩን በሁለት እጃቸው አግድም ይዘው ወጡና መሬት ላይ አስቀመጡት። አለቃው አንሥቶ ከፈተው፤ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ሳቀ። ባንዶቹም ሳቁ። ይዘውት ሄዱ። ሽማግሌው ሳቁ እስኪርቅ ድረስ እንደቆሙ ነበሩ፤ ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ጣልያን ከወጣ በኋላም ብዙ ዓመት ኖሩ። በየመኸሩ ከአውድማዬ የመጀመሪያውን አንድ ጭነት ማሽላ እወስድላቸው ነበር። ይቀበሉኛል፤ አያናግሩኝም። አንድ ዓመት ብቻ፣ ጆንያውን ሳወርድ እያዩኝ፣ «ያቺ ጥይት ጣልያን ደጄ ላይ በቆመ ቀን በእጄ ብትኖር ይህን ማሽላ አልበላውም ነበር» አሉኝ። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ አመሰገኑኝ ይሁን ወቀሱኝ ማወቅ አልቻልኩም። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው፤ ጆንያውን ወደ ጓዳ ጎተቱት።